የወዝ ነገር

«ወዝ» የምትባለው አጭር ቃል በአማርኛ የተሸከመችው ትርጉም ከቁመቷ ይበልጣል። ጥሮ ግሮ የሚያድር ሰው «በላቡና በወዙ» ይኖራል፤ በአብዮቱ ዘመን በየሰልፉ ይሰማ የነበረው «ወዛደር» የሚለው ስያሜም የተበጀው ከዚህችው ቃል ነው። ከሕመም ያገገመውን ሰው «ፊቱ ወዛ» ይሉታል፤ የተጎሳቆለውን ደግሞ «ወዙ ጠፋ» ይሉታል። በደንብ የታረሰች ወላድም የምትመሰገነው በወዟ ነው። በዚህ ሁሉ አነጋገር ውስጥ ወዝ የጤና፣ የጥጋብና የልፋት ምስክር ሆኖ ይታያል እንጂ ነውርነቱ አይነሳም።

ነውር የሚሆነው ብጉር ብቅ ያለ ዕለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረምሳውም ኮረዳዋም መስታወት ፊት ቆመው ግንባራቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። «ፊትሽን በደንብ ስለማትታጠቢ ነው» የሚል ምክር ከቤትም ከጎረቤትም ይዘንባል። ሎሚው፣ ጨው፣ የጥርስ ሳሙናው፣ አልኮሉ፣ የልብስ ሳሙናው በየተራ ይሞከራል። ካልለበለበ አይሠራም የሚለው እምነት ሥር የሚሰደው በዚህ ዕድሜ ነው። ከዓመታት በኋላ ብጉሩ ይሄዳል፤ ወዝን እንደ ጠላት የማየቱ ልማድ ግን ከሰውየው ጋር አብሮ ያረጃል።

ለመሆኑ ብጉር ከቆሻሻ ይመጣልን? አይመጣም። በጉርምስና ዘመን አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች ከቆዳ ሥር ያሉትን የወዝ ዕጢዎች ያነቃቃሉ። ወዙ ይበዛል፤ የፀጉር መብቀያው ቀዳዳ በሞቱ ሕዋሳት ይደፈናል፤ በማንኛውም ሰው ቆዳ ላይ የሚኖር አንድ የባክቴሪያ ዓይነት በተደፈነው ስፍራ ይራባል፤ ከዚያም ቆዳው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይመግላል። ነገሩ ያለው ከሥር ሲሆን ሳሙናው የሚደርሰው ከላይ ብቻ ነው። ዕጢውም የሚታዘዘው ለሆርሞን እንጂ ለሳሙና አይደለም። በአብዛኛው ሰው ላይ ብጉር በሃያዎቹ ዕድሜ ይበርዳል፤ አንዳንዶችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ እስከ ሠላሳዎቹና አርባዎቹ ድረስ ይከተላቸዋል።

በናይሮቢ ከተማ፣ ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ሒሳብ የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት አለች። ደሴ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ተምራ፣ አርባ ዓመቷን የደፈነችው በስደት ነው። ብጉር የለቀቃት ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲሆናት ነበር። ዳሩ ግን የመታጠቢያ ቤቷ መደርደሪያ ይህን ወሬ ገና አልሰማም። አልኮል አልኮል የሚል የፊት ማጽጃ፣ ፍርክስክስ የፍሬ ቅንጣት ያለበት መፈተጊያ፣ ለብጉር የሚሸጥ የመድኃኒት ሳሙና፣ ሲደርቅ ፊትን ጨምድዶ የሚይዝ ጭቃ መሰል ቅባት፣ ከነዚህም ሌላ ስሟ ረጅም፣ ይዘቷ ከአንድ ስኒ ቡና ያነሰ ውድ ብልቃጥ ተደርድረዋል።

ይህች ሴት የሒሳብ ሰው ናትና አንድ ምሽት የዓመት ወጪዋን በምትመዘግብበት ደብተር ላይ ለእነዚህ ዕቃዎች አንድ ገጽ ለየች። ደረሰኝ ያለውን በደረሰኝ፣ የሌለውን በማስታወስ ደመረች። ድምሩ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ለእናቷ ከላከችው ገንዘብ በልጦ ተገኘ። ገንዘቡ ይቅር ቢባል እንኳ የተገኘው ውጤት የሚያጽናና አልነበረም። ፊቷ በታጠበች ቁጥር እንደ ደረቀ የከበሮ ቆዳ ይወጠራል፤ ጉንጯ ላይ ብናኝ የመሰለ ቅርፊት ይታያል፤ ከዚህ በፊት የማይሰማት ተራ ሎሽን እንኳ ያቃጥላታል። ብጉር የለም፤ ብጉርን ለማባረር የተገዛው ሠራዊት ግን ከነትጥቁ እዚያው ሰፍሮ ነበር።

እዚህ ላይ የቆዳን አሠራር ማስታወስ ይጠቅማል። የቆዳ የመጨረሻው የላይ ሽፋን ከወረቀት የሳሳ ሲሆን ውኃ ከሰውነት እንዳይተን፣ ባዕድ ነገርም እንዳይገባ የሚጠብቅ አጥር ነው። በድንጋይና በጭቃ እንደተሠራ ካብ ቢታሰብ፣ ጠፍጣፎቹ የሞቱ ሕዋሳት ድንጋዩ፣ በመካከላቸው ያለው ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ሌላው የስብ ዘር ጭቃው ነው። ጤነኛ ቆዳ መጠነኛ አሲድነት አለው፤ ፒኤች በሚባለው መለኪያ 5 አካባቢ ይውላል። ተራ ሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል፤ ሎሚ ደግሞ ወደ 2 ይወርዳል። አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ካቡን ይንደዋል። የሎሚ ጭማቂ የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ጭራሹን ተቃጥሎ ጥቁር ምልክት ሊይዝ ይችላል። በልጅነት ቆዳ የፈረሰውን ካብ ቶሎ ይጠግናል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ጥገናው ይዘገያል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ፊት የቻለውን ቅጣት የአርባ ዓመት ሴት ፊት የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የአየሩም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ናይሮቢ ደግሞ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር በአሥር ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ የናይሮቢ የሐምሌ ደመና ብርዱን ቢያመጣም ጨረሩን ሙሉ በሙሉ አያግደውም። ሞምባሳ ወይም ጅቡቲ የሚኖር ሰው ደግሞ እርጥበት ባለው ሙቀት ላብና ወዝ ሲቀላቀልበት ይውላል፤ ወፍራም ቅባት ይከብደዋል። ቀኑን ሙሉ ማቀዝቀዣ በሚነፍስበት ቢሮ የሚሠራ ከሆነ ግን በዚያው ወበቅ ከተማ ውስጥ ቆዳው ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ ጎረቤት የተስማማው ሁሉ ለሌላው ይስማማል ማለት አይደለም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ መደርደሪያውን በአንድ ጊዜ አልጣለችውም። በመጀመሪያ የሚያቃጥለውን ሁሉ ለአንድ ወር አቆመች። ማለዳ በለብታ ውኃ ብቻ፣ ማታ ደግሞ ከሳሙና ነፃ በሆነ ለስላሳ መታጠቢያ፣ ያውም በጣቷ እንጂ በመፈተጊያ ሳይሆን፣ መታጠብ ጀመረች። በሁለተኛው ሳምንት መወጠሩ ቀነሰ። በአራተኛው ሳምንት ቅርፊቱ ጠፋ። የላይኛው ቆዳ ራሱን ለማደስ በወጣትነት አራት ሳምንት ያህል፣ በጎልማሳነት ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ በሦስት ቀን ተአምር የሚያሳይ ነገር ሊያስደነግጥ እንጂ ሊያስደስት አይገባም።

ቀጥሎ የመጣው የማለስለሻ ቅባት ምርጫ ነው። እዚህ ላይ ዋጋና ጥቅም ብዙ ጊዜ አብረው አይሄዱም። ግሊሰሪን ውኃን ወደ ቆዳ ይስባል፤ ሳይበረዝ ከሚቀባ ይልቅ በውኃ ቢቀጥን ወይም በሎሽን ውስጥ ተቀላቅሎ ቢገኝ ይሻላል። ሮበርት ቼዝብሮ የተባለው ኬሚስት በ1872 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ቫዝሊን ደግሞ እርጥበት እንዳይተን በመክደን እስካሁን የሚስተካከለው ጥቂት ነው፤ በደንብ የተጣራው ቀዳዳ አይደፍንም። በኬንያ ለላም ጡትና ለአላቢ እጅ ተብሎ የተሠራው የማለቢያ ቅባት ከከብት በረት ወጥቶ በየሰዉ ቤት የገባው በዚሁ ባሕርዩ ነው፤ ሽቶ የሚያስቆጣው ሰው ግን በፊቱ ላይ ከማዋሉ በፊት ማሰብ አለበት። ከሁሉም የሚበልጠው ጊዜውን ማወቅ ነው፤ ቅባት ገና ባልደረቀ ፊት ላይ ጥቂት ሲደረግ ውኃውን ይዞ ይቀራል።

የአገር ቤት ቅባትስ? ለጋ ቅቤ ለፀጉር ያለው ክብር የታወቀ ነው። ነገር ግን ከፀጉር ወደ ግንባር የሚወርድ ቅቤም ሆነ የፀጉር ቅባት በፀጉሩ ጠርዝ ላይ ጥቃቅን ብጉር ማውጣቱ በሐኪሞች ዘንድ ከታወቀ ቆይቷል። በባሕሩ ዳርቻ የሚወደደው የኮኮናት ዘይትም ብጉር በሚያዘወትረው ፊት ላይ ቀዳዳ ሊደፍን ይችላል። ይህ ማለት ልማዱ ይቅር ማለት አይደለም፤ ቅቤ የተቀባች ሴት ሻሿን ከግንባሯ ከፍ አድርጋ ብታስር፣ ግንባሯንም በለስላሳ መታጠቢያ ብታነሣው ይበቃታል።

የዕቃውን ጀርባ ማንበብም ዕውቀት ይጠይቃል። «ፍራግራንስ ፍሪ» የሚለው ሽቶ አልተጨመረበትም ማለት ነው፤ «አንሴንትድ» የሚለው ግን ሽታውን ለመሸፈን ሌላ ሽቶ ሊኖርበት ይችላል። «ኖን ኮሜዶጄኒክ» ቀዳዳ አይደፍንም የሚል የአምራቹ ቃል ሲሆን ሁሉም የተስማማበት መለኪያ የለውም። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃልም የደኅንነት ዋስትና አይሆንም፤ ሎሚም ተፈጥሯዊ ነው። አዲስ ነገር የሚገዛ ሰው በክንዱ የውስጥ ክፍል ላይ ለጥቂት ቀናት ቀብቶ ቢሞክር፣ ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ጊዜ ባይጀምር፣ ቢያቃጥለው ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ ያውቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህም ይሠራል።

ሦስተኛው ጉዳይ ፀሐይ ነው። ብጉር በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ሲያልፍ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ነጠብጣብ ትቶ ይሄዳል። ይህ ቆሻሻ አይደለም፤ ሰርጎድ ካላለ ወይም ካላበጠም ጠባሳ አይደለም። የተቆጣ ቆዳ የተወው የቀለም ትርፍ ነው፤ በወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ ይደበዝዛል። ቆዳው በየጊዜው በተፈተገና በፀሐይ በተመታ ቁጥር ግን ዕድሜው ይረዝማል። ከእርግዝናና ከአንዳንድ የወሊድ መከላከያ ጋር የሚመጣው ማድያትም ፀሐይን ይወዳል። መከላከያ ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ቅባት ይመከራል፤ አይረን ኦክሳይድ ያለበት ባለቀለሙ ዓይነት ለጠይም ፊት ይበልጥ ይረዳል። ዋጋው የማይቀመስ ሲሆን ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ አሉ። በታንዛንያዋ የሞሺ ከተማ ኪሊሰን የሚባል የፀሐይ ቅባት የሚሠራው አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ነው። ለእነርሱ ፀሐይ የቆዳ ካንሰር፣ ማለትም የሕይወት ጉዳይ ናት። ይህን የሚያውቅ ሰው የራሱን ነጠብጣብ በተገቢው ልክ ያየዋል።

ይሁን እንጂ ነጠብጣብን በተገቢው ልክ እንዳናይ የሚደክም ሰፊ ገበያ አለ። የሒሳብ ሠራተኛዋ የእህቷ ልጅ ለትምህርት ከደሴ የመጣችው ባለፈው ዓመት ነው። ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ጉንጯና አገጯ በብጉር ተሸፍኗል። ከሻንጣዋ ሥር ካርቶን የሌላት ትንሽ ቱቦ ነበረች።

«ይህን ማን ሰጠሽ?»

«ከሱቅ ነው የገዛሁት፣ አክስቴ። ጓደኞቼም ይቀቡታል። ፊት ያጠራል።»

አክስቲቱ ቱቦዋን ወደ መብራት አስጠግታ ደቃቁን ጽሑፍ አነበበች፤ ክሎቤታሶል ይላል። ክሎቤታሶል ከሚቀቡ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ሁሉ ብርቱ ከሚባሉት ወገን ነው። በሐኪም ትእዛዝ ለከባድ የቆዳ ሕመም፣ ለአጭር ጊዜ ይጠቅማል። በፊት ላይ ለማሳመሪያ ሲውል መጀመሪያ እብጠቱ ይረግባል፣ መልክም ይፈካል፤ ስለዚህ ሰው ያምነዋል። ውሎ አድሮ ቆዳው ይሳሳል፤ ደም ሥሩ ይታያል፤ በራሱ በመድኃኒቱ ምክንያት አዲስ ብጉር ይወጣል፤ ሲያቆሙትም ፊቱ ይነዳል። ለረጅም ጊዜ የቆየበት ሰው በድንገት ከመተው ይልቅ ሐኪም ማማከር የሚሻለው ለዚህ ነው።

ዘመዶቹም ብዙ ናቸው። ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ለዓመታት ሲቀባ ቆዳን መልሶ ሰማያዊ ቅልቅል ጥቁረት ሊያለብሰው ይችላል፤ ደቡብ አፍሪካ ከመዋቢያዎች ውስጥ ያገደችው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። አባቶች ባዜቃ ይሉት የነበረው ሜርኩሪ ደግሞ ቆዳ አልፎ ኩላሊትን ይጎዳል። በሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች በ2023 እ.ኤ.አ. ጄኔቭ ተሰብስበው ሜርኩሪ የተጨመረባቸው መዋቢያዎች በሙሉ እስከ 2025 እንዲቀሩ ወስነዋል። ሩዋንዳ በ2018 መጨረሻና በ2019 መጀመሪያ ማንጫ ቅባቶችን ከየሱቁ እየለቀመች አስወግዳለች። በታንዛንያ «ምኮሮጎ» የሚሉት፣ ትርጉሙም የተበጠበጠ ማለት የሆነው ድብልቅ፣ ምን ከምን ጋር እንደተዋሐደ ሻጩ እንኳ ላያውቀው ይችላል። ሕግ ወጥቷል፤ ሆኖም ገበያው የሚሸጠው ቅባቱን ብቻ ስላልሆነ ሙሉ በሙሉ አልደረቀም። የሚሸጠው አስቀድሞ ኀፍረቱን ነው፤ ቅባቱ የኀፍረቱ መድኃኒት ተብሎ ይከተላል።

አክስቲቱ ይህን ሁሉ አስረዳች። ልጅቷ አዳምጣ ስታበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«እሺ አክስቴ፣ እንዳንቺ እስኪያልፍልኝ ድረስ እኔ ስንት ዓመት ልጠብቅ?»

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ብጉር ያለፈለት ሰው ላላለፈለት «ዝም ብለሽ ተይው» ማለት ይቀናዋል። ለስላሳ መታጠቢያና ቅባት ካቡን ይጠብቃሉ እንጂ የነደደ ብጉርን ብቻቸውን አያጠፉም፤ ጥልቅ ሆኖ የሚያብጥ ብጉር ሳይታከም ሲቆይ ደግሞ ዕድሜ ልክ የማይለቅ ሰርጓዳ ጠባሳ ይተዋል። መታገሥ ሁልጊዜ ርኅራኄ አይደለም። አክስቲቱም የራሷን ሦስት ዕቃዎች ለልጅቷ አካፍላ ነገሩን አልዘጋችውም። ወደ ቆዳ ሐኪም ወሰደቻት።

ሐኪሙ ያዘዘው ብዙ አልነበረም፤ ጠዋት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ፣ ማታ በስሱ የሚቀባ አዳፓሊን፣ ከዚህም ጋር አክስቲቱ የምትጠቀምበትን የመሰለ ቀላል ማለስለሻ። ለውጥ ለማየት ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆዳው ሊደርቅ እንደሚችል፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይዱ ባለቀለም ጨርቅ ስለሚያነጣ ነጭ የትራስ ልብስ ቢሆን እንደሚሻል ነገራቸው። አዳፓሊንና መሰሎቹ በእርግዝና ጊዜ እንደማይወሰዱም አከለ። ወደ አክስቲቱ ዞሮም፣ በጎልማሳነት ብጉር ቢመለስ፣ ከዚያም ጋር የወር አበባ ቢዛባ ወይም በአገጭ ላይ ፀጉር ቢበዛ፣ ነገሩ ከሆርሞን ጋር የተያያዘ ሊሆን ስለሚችል መመርመር እንዳለባት መከራት።

ከመድኃኒት ቤቱ ሲወጡ አክስቲቱ ደረሰኙን አጣጥፋ ያዘች። የሐኪሙና የመድኃኒቱ ዋጋ ተደምሮ፣ በዚያ ደብተር ገጽ ላይ ከተመዘገበው የአንድ ዓመት ወጪ በእጅጉ ያንስ ነበር። ርካሽ ማለት ሁልጊዜ አነስተኛውን ዋጋ መምረጥ አይደለም። በማያስፈልገው ላይ ያልወጣው ገንዘብ በሚያስፈልገው ላይ ሲውል ነው ቁጠባ ቁጠባ የሚሆነው።

ሦስት ወር ሞልቶ አልፏል። የልጅቷ ጉንጭ ቀልሏል፤ አገጯ ላይ ግን አሁንም አንዳንድ ብጉር ይወጣል፤ ነጠብጣቡም ገና አልደበዘዘም። ትራሷ ነጭ ልብስ ለብሷል። የአክስቲቱ መደርደሪያ ሦስት ዕቃ ይዟል፤ ከሰዓት በኋላ ግንባሯ ትንሽ ያብረቀርቃል፣ እርሷም አትጠርገውም። ልጅቷ ይህን አይታ አንድ ቀን «አክስቴ፣ ፊትሽ ወዝቷል» አለቻት። ምርቃት ይሁን ነቀፋ በድምፅዋ አልታወቀም። አክስቲቱ ግን ቃሉን በጥንት ትርጉሙ ተቀብላ አመሰገነቻት።